የስምንት ሰዓቱ አውቶቡስ

አውቶቡሱን ሊወስዱት ነው የሚለው ወሬ መሰላ የደረሰው ማክሰኞ ነው። ስለ ታሪፉና ስለ ጥቅሙ ሕዝቡ እንዲወያይ ለእሁድ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። መይሙና ወሬውን ስትሰማ ማሽላ እያነፈሰች ነበር። ሰፌዱ እጇ ላይ ቀረ፤ ገለባው ወደ ጎረቤት ግቢ ሲበር ዝም ብላ አየችው። የታሰበቻት ልጇ ዙህራ ናት።

ዙህራ ስድስተኛን መሰላ ጨርሳለች። ሰባተኛ ያለው አሰበ ተፈሪ ነው። አባቷ ሙሜ በስንት ልመና እሺ ብሎ፣ "አውቶቡሱ ከቤቷ እስከመለሳት ድረስ ትማር፤ እዚያ ማደር ግን የለም" ነበር ያለው። ቦርደዴ ያለ አንድ ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ልኮ መልስ ይጠብቃል። ሙሜ እምቢ አላለም፤ እሺም አላለም። በዚህ በእሺና በእምቢ መካከል የቆመው አውቶቡሱ ብቻ መሆኑን መይሙና ታውቃለች።

አውቶቡሱ የከተማው ማኅበር ነው፣ አዲስ። ንጋት ላይ ከመሰላ ሲነሳ በሰውና በጫት እስር ተሞልቶ መግቢያ ይታጣበታል። በስምንት ሰዓት ከአሰበ ተፈሪ ሲመለስ ግን ባዶውን ነው።

"እማ፣ ዛሬም እኔና አንዲት አሮጊት ብቻ ነበርን" ትላለች ዙህራ። "ጋሽ ገብሬ 'ነይ ፊት ተቀመጪ፣ የግል መኪናሽ አይደል' አለኝ።" ሹፌሩን ገብሬን ትወደዋለች። መስኮቱን ከፍታ ተራራው ወደ ኋላ ሲሄድ ማየትም ትወዳለች።

ሙሜ ደግሞ ጫቱን ሸጦ ሲያበቃ የሚመጣው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው፤ በጭነት መኪና፣ ጆንያ ላይ ተቀምጦ፣ ቅንድቡ ድረስ አቧራ ለብሶ።

እሁድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሞላ። ከአውራጃው የመጣው ጓድ ዘገየ ጠረጴዛውን በእርሳስ መታ አድርጎ ጀመረ።

"ጓዶች፣ ባዶ ወንበርም ነዳጅ ይጠጣል። ውድ ነው ብላችሁ ከብር ወደ ሦስት ስሙኒ አወረድን። ያው ባዶ ነው። ችግሩ ምንድን ነው?"

በክሪ ተነሳ። በክሪ ከተነሳ ሰው አስቀድሞ ይስቃል። "ጓድ ዘገየ፣ ሦስት ስሙኒም ውድ ነው። ጭነት መኪና በዚሁ ዋጋ ንፋስ ይመርቅልናል።"

"ንፋሱማ ባለፈው ቆብህን አስከፍሎሃል!" አለው አንድ ሰው ከኋላ።

"ፍየልስ?" አለ ሌላው። "ፍየሌ ወንበር ላይ አልተቀመጠች። ለምን ትከፍላለች?"

"ያንተ ፍየል የወንበሩን ስፖንጅ በልታለች፣ ጓድ" አለ ዘገየ። አዳራሹ ተንጫጫ።

ከዚያ ሙሜ ተነሳ። ሽርጡን አስተካክሎ፣ እንደ ትልቅ ሰው ረጋ ብሎ፣ "ያ ጀማዓ፣ ነገሩ ታሪፉ ነው" አለ። ሌሎቹም ተራ በተራ፣ ታሪፉ ነው፣ ታሪፉ ነው አሉ። መይሙና ከሴቶቹ ጋር ጥግ ተቀምጣ ባሏን አየችው። ለጭነት መኪናው ሦስት ስሙኒ ሲከፍል የኖረ ሰው!

ምክንያቱን የማያውቅ አዳራሹ ውስጥ አልነበረም። የሚናገር ግን ጠፋ። ባለፈው ወር ዘገየ እዚሁ ቆሞ፣ በሥራ ሰዓት ጫት መቃም የአብዮቱ ጠላት ነው ሲል ሁሉም አጨብጭበዋል። እንግዲህ የትኛው ወንድ ተነስቶ ስለ በርጫ ያውራ?

ዘገየ እርሳሱን ኪሱ ከተተ። "ከዚህ በታች ታሪፍ አይወርድም። አውቶቡሱ ለቦርደዴ መስመር ይሰጣል።"

መይሙና መነሳቷን ያወቀችው ከተነሳች በኋላ ነው።

"አዴ መይሙና፣ ይናገሩ" አለ ዘገየ ተገርሞ።

"አማርኛዬ አይሞላም፤ እንዲሁ ስሙኝ። ታሪፉ ምንም አላደረገ።" ወደ ወንዶቹ ዞረች። "ጫታችሁን ስድስት ሰዓት ላይ ትጨርሳላችሁ። በሰባት ምሳ ትበላላችሁ። በስምንትስ? እኔ ልናገር ወይስ ራሳችሁ?"

አንድ ሰው ሳለ።

"በርጫ ላይ ናችሁ! ጉንጫችሁ ገና መሙላቱ ነው። አውቶቡሱ በነጻ ቢሆን፣ ወላሂ ብር ቢሰጣችሁም አትነሱም። ስትነሱ እሱ ሄዷል፤ እናንተ ጆንያ ላይ ትወጣላችሁ፤ ከዚያ ታሪፍ ትላላችሁ!"

"ኧረ እኔ የምጀምረው በሰባት ተኩል ነው!" አለ በክሪ።

ሳቁ ጣሪያውን አነሳው። ሙሜ ብቻ አልሳቀም። አንገቱን እንደደፋ፣ "ተቀመጪ" አላት በቀስታ።

"አልቀመጥም። እኔ ከተቀመጥኩ አውቶቡሱም ልጄም ቦርደዴ ይወርዳሉ።"

ሳቁ ቆመ። የሽማግሌውን ነገር ያልሰማ አልነበረም።

ዘገየ ጉሮሮውን ጠረገ። "ጓዶች፣ የሕዝብ አውቶቡስ ለበርጫ ብሎ ሰዓት…"

"ጓድ ዘገየ" አሉ ሸኽ ዓሊዩ ከፊተኛው ወንበር፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው። "ሐሙስ ሐሙስ ከእኛ ጋር ስትቀመጥ አንተም ሰዓት አታይም እኮ።"

ዘገየ ከንፈሩን ነከሰ፤ አልቻለም፤ እርሱም ሳቀ። "እሺ፣ ስንት ሰዓት ይሁን?"

"አስራ አንድ!" አለ አዳራሹ በአንድ አፍ።

"ለአንድ ወር እንሞክረዋለን። ከሞላ እዚሁ ይቆያል። ታሪፉም ወደ ብሩ ይመለሳል።"

ይቃወማል ብሎ በክሪን ያላየ የለም። በክሪ ትከሻውን ነቀነቀ። "ሀዬ፣ ይመለስ።"

ባልና ሚስቱ ወደ ቤት ሲመለሱ ሙሜ ፊት ፊት ሄደ። ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ቆመ።

"አሳፈርሽኝ።"

"አዎ" አለች።

"ልጅቷ በስድስት ተኩል ትለቀቃለች። እስከ አስራ አንድ የት ልትሆን ነው?"

መይሙና አላሰበችውም ነበር። ስምንት ሰዓትን በገዛ እጇ ከልጇ ወስዳ ለወንዶቹ መስጠቷ ገና አሁን ገባት። ሊላት ያለውን ታውቃለች፤ ትቅር ሊል ነው።

ሙሜ ወደ ውሃው ዞረ። አህያ የሚነዳ ሰው ሰላምታ ሰጥቶ እስኪያልፍ ጠበቀ።

"እዚያው ከእህቴ ከሰዓዲያ ሱቅ ትቀመጥ" አለ። "ከመጋረጃው ኋላ ቦታ አለ። እዚያ ታጥና። ስንነሳ እኔ እጠራታለሁ።"

"ኢንሻ አላህ" አለች።

ሰኞ ማታ መይሙና መንገድ ዳር ወጥታ ጠበቀች። አውቶቡሱ ዳገቱን እያቃሰተ ወጣ፤ በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው ወሬ ነው። ሰዎቹ የመረቀኑበትን ጨዋታ ሳያቋርጡ፣ እየተጨባበጡ ወረዱ። አልቆጠረችም፤ ልጇን ፈለገች። ሁሉም ወርደው ሲያልቁ ዙህራ ሻሿ ተጣሞ ብቅ አለች። ከኋላዋ ሙሜ ደብተሮቿን በብብቱ ይዞ፣ ለገብሬ ስለ መንገዱ ጥገና ያስረዳዋል።

"ቆሜ መጣሁ፣ እማ" አለች ዙህራ። "መስኮቱ ጋ ሸኽ ዓሊዩ ተቀመጡ። አንድ ነገር አላየሁም።"

"ደከመሽ?"

ዙህራ ጫማዋን አየች። ሰው ረግጦት አፍንጫው ተጨፍልቋል።

"ነገ ቀድሜ ሮጬ ቦታ እይዛለሁ" አለች።