ግራ ቀኟን ያስተካከልኳት እርግብ

ስለ እኔ የሚወራውን ሁሉ እመኑ። ቁጡ ናት ይላሉ፣ ልክ ነው። ምላሷ ከመቀሷ ይስላል ይላሉ፣ እሱም ልክ ነው። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ስሰፋ ግራና ቀኙ የተበላለጠ እጅጌ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ይሄን ጠላቴም ይመሰክራል። ያቺን እርግብ ጉድ የሠራኋትም በዚሁ ሙያዬ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት የሱቄን መስኮት ስከፍት ደፉ ላይ ተጣብቃ የነበረች ግራጫ እርግብ ወደ ውስጥ ተንከባለለችና አሁን በተኮስኩት ነጭ ሸሚዝ ላይ አረፈች። ሸሚዙ የሰው ነው። ደሜ ፈላ። መጥረጊያ ላነሳ ስል ዓይኗን አየሁት፤ አንዴ ጨፈን፣ አንዴ ገለጥ ታደርገዋለች። የቀኝ ክንፏ በደም ተነክሯል፣ ረጃጅሞቹ ላባዎች ተሰባብረው ተንጠልጥለዋል። አንጀቴን በላችው።

እማዬ እንደ ልማዷ ጥግ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ቁልፍ ትተክላለች፣ ቀኑን ሙሉ እንጨቃጨቃለን፤ ኑሯችን ይሄው ነው። ጭልፊት ነው የነካት አለችና የኮት ካርቶን አውጥታ የገበር ቁርጥራጭ አነጠፈችበት። እኔ ለብ ያለ ውኃ አምጥቼ ቁስሏን አጠብኩ። ዳቦ ፈርፍሬ ብሰጣት ፊቷን አዞረች፤ እማዬ ከጓዳ ጥሬ ምስር አምጥታ ስትበትንላት ግን ትለቅመው ጀመር። ውኃውንማ አትጠይቁኝ፤ እንደ ዶሮ ቀና ጎንበስ እያለች ሳይሆን አፍንጫዋ ድረስ ነክራ ጭልጥ ነው ያደረገችው። እኔና እማዬ ተያይተን ሳቅን። ሥራ ፈትተን እሷን ስናይ አረፈድን።

የተሰባበሩትን ላባዎች በትንሿ መቀስ አንድ በአንድ ቆረጥኳቸው። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ራቅ ብዬ አየኋት። ቀኟ አጭር፣ ግራዋ ረጅም። ዓይኔ አልቀበል አለ። ከእኔ ሱቅ ሰውም ይሁን ወፍ አንድ ጎኑ ጎድሎ አይወጣም ብዬ፣ ሜትሬን አውጥቼ፣ ለክቼ፣ ደህናውን የግራ ክንፍ ከቀኙ ጋር እኩል አድርጌ ከረከምኩት። ጥንቅቅ አለች። እማዬም መነጽሯን ዝቅ አድርጋ አየቻትና ያምርባታል አለች። ሁለታችንም ኮራን።

የእግሯን ጭቃ ሳጥብ ነው ቀለበቱ የታየኝ። ስስ፣ ብርማ ቀለበት፤ ዙሪያውን ቁጥር ተቀርጾበታል፣ ከሥሩ ደግሞ ስልክ ቁጥር። ባለቤት አላት ማለት ነው። መርፌ ለማየት እንኳ የሚያስቸግረኝ ዓይኔ ያን ደቃቅ ቁጥር እንዴት አንድ በአንድ እንደለቀመው እኔ ራሴ ይገርመኛል። ደወልኩ።

ያነሱት አንዲት አሮጊት ናቸው። እርግብ አገኘሁ ከማለቴ በጥያቄ አጣደፉኝ። ቁጥሯን አንብቢልኝ፣ ቆማ ትሄዳለች ወይ፣ ጠጥታለች ወይ፣ ኩሷ ምን ይመስላል። ምጥ የያዛት ሴት የሚመረምሩ ነው የሚመስሉት፤ ለካስ አርባ ዓመት አዋላጅ ሆነው ጡረታ የወጡ ናቸው። ቁጥሩ ልክ ሲሆንላቸው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ከዚያ ነገሩን አንድ ሳያስቀሩ ነገሩኝ።

ሟች ባላቸው ሠላሳ ዓመት ያራቡት ዘር ነው። ባለፈው ክረምት በሽታ ገብቶ ከስልሳ እርግብ የተረፉት ይቺና ባሏ ብቻ ናቸው። አርጅታለችና ከእንግዲህ ትጥላለች ተብሎ ተስፋ ባልተጣለባት ሰዓት ሁለት እንቁላል ጣለች፤ የሚፈለፈሉት ዛሬ ወይ ነገ ነው። ሌሊት እሷ፣ ቀን እሱ እየተፈራረቁ ሲታቀፉ ቆዩ። ከሦስት ቀን በፊት ክንፏን ልታፍታታ ስትወጣ ጭልፊት አሳደዳት፣ በዚያው ቀረች። ወንዱ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይበላ ብቻውን ታቅፏል፤ ዛሬ ግን መነሳት መቀመጥ ጀምሯል። እሱ ከተወ እንቁላሎቹ ይበርዳሉ፣ የባላቸውም ዘር እዚያው ላይ ያበቃል።

“አሁኑኑ በመስኮት ልቀቂያት ልጄ” አሉኝ። “በአየር ሃያ ደቂቃ ነው። ደጅ ወጥቼ ሰማይ ሰማዩን አያለሁ።”

እሺ እማማ ብዬ ዘጋሁት። ስዘጋው ዓይኔ ጠረጴዛው ላይ አረፈ። መቀሱ እዚያ ነው፣ የግራ ክንፏም ላባ እዚያ ነው። ወይ ነዶ! ምናልባት ብዬ ከካርቶኑ ውስጥ አንስቼ ወደ ላይ ወርወር አደረግኳት። ሁለቴ ተርገበገበችና የጨርቅ ክምሩ ላይ ዱብ። ደገምኩ፣ ዱብ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት ግን የሚለቀም አይደለም። ላባ እንደ ክር አይቀጠልም። እማዬ ደውለሽ ንገሪያቸው ስትለኝ ጮህኩባት፣ ያምርባታል ያልሽው አንቺ አይደለሽ ብዬ። ምስኪን፣ ምን አደረገችኝ።

ስልኩ ጮኸ። እሳቸው ናቸው። አላነሳሁትም። ባዶ ሰማይ ላይ አንጋጠው ነው የሚደውሉት።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አንድ ደንበኛ መስታወቱ ፊት ቆሟል። ታክሲ ነጂ ነው፤ ሠፈሩ ቀንድ አውጣ ይለዋል። ሃያ ዓመት ሲነዳ አንድም መኪና ጭሮ አያውቅም፣ አንድም ቦታ በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም። ኮቱን ሊለካ መጥቶ፣ አንዱ እጅጌ በነጭ ክር እንደተወሰወሰ፣ ሌላው በስፒል ብቻ እንደተያያዘ፣ እጆቹን ዘርግቶ ጨረስኩ እስክለው ይጠብቃል። መኪናህ ውጭ ነው ወይ አልኩት። ነው አለ። ና ውጣ አልኩት። ኮቱስ ሲለኝ ካርቶኑን ታቅፌ ደረጃው ላይ ነበርኩ። እዚያው ላይህ ላይ ይቆይ አልኩት።

መንገዱ ከከተማ ወጥቶ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፣ በደህና ነጂ። ቀንድ አውጣ ቢጫ መብራት ባየ ቁጥር ይቆማል። መሪውን ባዞረ ቁጥር ስፒል እየወጋው ዘለል ይላል። እኔ በጎን እጮሃለሁ። “እህቴ፣ ወይ አንቺ ትጮሂያለሽ፣ ወይ እኔ እነዳለሁ” አለኝ ላቡን እየጠረገ። እርግቧ በካርቶኑ ቀዳዳ አንድ ዓይኗን አውጥታ ሁለታችንንም ትታዘባለች።

ሞት አይቀርም ብዬ ደወልኩ። ክንፏ ስላልቻለላት በመኪና ይዣት እየመጣሁ ነው አልኩ። ስለ መቀሱ ግን ምላሴ ተሳሰረ፤ እኔ፣ ለሰው መልስ አጥቼ የማላውቀው። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ድምፃቸው ጭራሽ ቀዝቀዝ አለ።

“ወንዱ ተነስቷል፣ አልመለስም አለ። እንቁላሎቹን ደረቴ ላይ ይዣቸዋለሁ። በሩ ክፍት ነው፣ አልነሳልሽም።”

ቃል በቃል ለቀንድ አውጣ ነገርኩት። አንገቱን ሰበቅ አደረገ፣ ማርሽ ቀየረ፣ ከፊታችን ያሉትን ሦስት የጭነት መኪናዎች ተራ በተራ ጥሏቸው አለፈ። ወንበሩን ጨምድጄ ያዝኩ። ስፒሎቹ እንደሆነ ረግፈው አልቀዋል፤ የቀኝ እጅጌው ክርኑ ላይ ወርዶ ይወዛወዛል። ቀጥል አልኩት፣ በርታ ወንድሜ፣ ቀጥል። ሳላውቀው እየሳቅኩም እያለቀስኩም ነበር።

ደረስን። ዝቅ ያለች ቤት ናት፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አዋላጇ ክፍሉ መሃል ወንበር ጫፍ ላይ፣ ጀርባቸው ድጋፉን ሳይነካ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። በሹራባቸው ላይ ሁለት እጃቸውን አጣምረዋል። ላብ በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። ሲያዩኝ ከዓይናቸው በቀር የተንቀሳቀሰ ነገር የለም። እርግቧን አውጥቼ አሳየኋቸው። አየት አደረጓት፣ ክንፏ ላይ ቆም አሉ፣ ከዚያ እጅሽን በሙቅ ውኃ ታጠቢና እንቁላሎቹን አውጪልኝ፣ የኔ እጅ ደንዝዟል አሉኝ።

ታጠብኩ። በሹራባቸው አንገት በኩል ገብቼ የመጀመሪያውን አወጣሁት። ነጭ፣ ለብ ያለ፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም አይበልጥ። ጆሮዬ ላይ አድርጊልኝ አሉ። አደረግኩላቸው። ረጅም ጊዜ አዳመጡ፣ ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው አሉኝ። ያኛው ሞቷል ማለት ነው። ሁለተኛውን ሳወጣ በሁለት መዳፌ ታቀፍኩት። የመቀሱን ነገር ከዚህ በላይ በሆዴ መሸከም አቃተኝ።

“እማማ፣ ክንፏን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ጭልፊት ያልነካውን ጭምር። እኩል እንዲሆንላት ብዬ ነው።”

“የመቀስ ሥራ መሆኑን ከበር ስትገቢ ነው ያየሁት” አሉኝ። “አሁን ዝም በይና ያንን ጆሮሽ ላይ አድርጊው።”

ጆሮዬ ላይ አደረግኩት። መጀመሪያ የሰማሁት የራሴን ልብ ነው፣ ድው ድው ይላል። ትንፋሼን ዋጥኩ። ቀንድ አውጣም በሩ ላይ እጅጌው ተንጠልጥሎ ቆሟል፣ እሱም ትንፋሹን ይዟል። ምንም የለም። ደግሞ ምንም የለም። ከዚያ ከውስጥ፣ በጣም በቀስታ፣ ቀጭ አለ። ቆየና ደግሞ ቀጭ፣ ቀጭ።

አዋላጇ እንቁላሉን አልነበረም የሚያዩት፣ የእኔን ፊት ነበር። አንድ ቃል ሳልተነፍስ እንባቸው ዱብ ዱብ አለ።

ጎጆው ግድግዳው ላይ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ነው። እርግቧ ወደዚያ ቀና ብላ አየች፣ ክንፏን ከፈት አደረገች፣ መልሳ ሰበሰበችው። ያን ሳይ አፈርኩ። ጎጆውን መሬት አውርጂላት አሉኝ። አወረድኩላት፣ እንቁላሉን መሃሉ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሁላችንም ወደ ኋላ አልን። በእግሯ፣ ቆም እያለች፣ ወለሉን አቋርጣ ሄደች። ጎጆው ውስጥ ገባች፣ እንቁላሉን በአፏ ገልበጥ አደረገችው፣ የሆዷን ላባ ነስንሳ ከሥሯ ከተተችውና ቁጭ አለች።

አዋላጇ ያን ጊዜ ነው እጃቸውን ከደረታቸው አውርደው ወንበሩን የተደገፉት።