ስልኩ ይዋሻል

ካዝናው ከጠዋት ጀምሮ ፊቱን እንዳኮሳተረ ነው። ይህን ስም ያወጣችለት የሥራ ባልደረባው ኢንጂነሯ ናት፤ ሁሉን ነገር ካልቆለፈ እንቅልፍ አይወስደውማ! ሁለቱ ሆነው የሠሩት ሰው ሠራሽ አስተውሎት በስልክ የሕፃን አተነፋፈስ አዳምጦ «ደህና ነው» ወይም «ሐኪም ጥሩ» ይላል። እሷ ታዲያ ትናንት ኮዱንም፣ ወላጆች ፈቅደው የተቀዳውን የልጆች ትንፋሽም ለዓለም ሁሉ ክፍት አድርጋ ለቀቀችው።

«የለፋንበትን ሜዳ ላይ በተንሽው» አላት። «ነገ አንዱ አንስቶ የራሴ ነው ቢል ምን ልትዪ ነው?»

«ይበል! እኛ ያላየነውን የሚያይ ከተገኘ፣ እንዳሻው ይበል።»

አፏን ሳትዘጋ ኮምፒውተሯ ላይ መልእክት ብቅ አለ። የማታውቀው ፕሮግራመር ነው፤ ሰላምታ እንኳን የለውም። «የታመሙትን ልጆች በሙሉ የቀዳችሁት ኦክስጅን ማሽን ያለበት ክፍል ውስጥ ነው። ፕሮግራማችሁ የሚያዳምጠው ትንፋሹን ሳይሆን የማሽኑን ድምፅ ነው። የማሽኑን ድምፅ አጥፉና ሞክሩት።»

«ይኸው! የመጀመሪያው ምቀኛ መጣልሽ» አለ ካዝናው።

እሷ ግን ክፉኛ የታመመ ልጅ የድምፅ ቅጂ አወጣች፤ የማሽኑን ድምፅ አጥፍታ ለፕሮግራሙ አሰማችው። «ደህና ነው» አለ። ሌላ ልጅ ሞከረች። «ደህና ነው።» ወይ ጉድ! ማሽን ከሰማ ታመመ፣ ፀጥታ ከሰማ ዳነ ነው ለካ የሚለው!

ያኔ ክው አለች። እህቷ አራስ ናት። ፕሮግራሙ በሚሞከርበት ሆስፒታል፣ ፀጥ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ስልኩን ልጇ አጠገብ አድርጋ ተኝታለች። አክስቱ የሠራችው ነዋ፣ ለምን አታምነው!

ደወለች። አይነሳም። ደገመች።

«ምነው አንቺ፣ አሁን ገና ሸለብ ሲያደርገኝ…»

«ሐኪም ጥሪ!»

«ደህና ነው እኮ። ስልኩ አሁንም ደህና ነው እያለ ነው።»

«ስልኩ ይዋሻል! የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ይዋሻል እልሻለሁ! ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን እዪው!»

ልብስ ሲገለጥ ተሰማ። ከዚያ የእህቷ ድምፅ ተለወጠ። «ጎኑ… ወደ ውስጥ እየሰረጎደ ነው። ከንፈሩ… ሲስተር! ኧረ ድረሱልኝ!» ስልኩ ወለሉ ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

ኢንጂነሯ ስልኳን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ቀረች። የሩጫ ኮቴ ይሰማል፣ አልጋ ሲገፋ ይሰማል፣ አንድ ሰው «ቶሎ በሉ!» እያለ ይጮኻል። የልጁ ድምፅ ግን የለም። ካዝናው ከአጠገቧ ቆሞ ከንፈሩን ይነክሳል። እንደዚህ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ልጁ አለቀሰ፤ እሷም አብራው ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ካዝናው ወዲያው ሆስፒታሉ ጋ ደውሎ ፕሮግራሙን አስቆመ። እሷ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠርጋ ለማታውቀው ሰው ጻፈች፤ «ሕፃን አትርፈሃል። እንዴት አወቅከው?»

መልሱ ብዙ አልዘገየም።

«እኛም እንደናንተ ነበር የቀዳነው። የኛ ግን ተቆልፎ ስለነበር ማንም አላየልንም። እኔ ያወቅኩት ልጄን ከቀበርኩ በኋላ ነው።»