ሌሊት በስምንት ሰዓት ይነጋል

ሰማያዊ፣ ለምን ሰማያዊ፣ ገና ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው፣ ግን ከኮራሉ ገንዳ በላይ የተሰቀለው መብራት ነጩን እየቀነሰ ሰማያዊውን እያስቀረ ነው፣ ሊመሽ ሲል እንዲያደርግ እንደታዘዘው። ማን አዘዘው። እሱ ራሱ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ለመንገድ ቅየሳ ሊወጣ ሲል፣ የመሥሪያ ቤቱ መኪና በር ላይ ጥሩምባ እየነፋ፣ አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ ሌላው ውጭ፣ አዲሱን መብራት ሰቅሎ ሰዓቱን በስልኩ ሞላ፣ የተመለሰው ትናንት ማታ ነው፣ ገንዳውን በብርሃን ሲያየው ዛሬ ገና ነው።

ስልኩን ይከፍታል። ማብሪያ፣ 2:00። ማጥፊያ፣ 12:00። ትክክል ነው፣ ከጠዋቱ ሁለት እስከ ምሽቱ አሥራ ሁለት፣ አሥር ሰዓት ብርሃን፣ ኮራል፣ ድንጋይ መሳዩ የባሕር እንስሳ፣ ብርሃን ሲበዛበት ይነጣል ሲያንሰው ይጠወልጋል፣ ግማሽ ሰዓት ሰማያዊ ንጋት፣ ግማሽ ሰዓት ሰማያዊ ምሽት፣ ትክክል ነው፣ አይደለም። መሣሪያው ቀኑን የሚጀምረው ከእኩለ ሌሊት ነው። እሱ አፉ እንደለመደው ሞላው። የመሣሪያው ሁለት የሌሊቱ ስምንት ነው፣ አሥራ ሁለቱ እኩለ ቀን። ሚሊሜትር የማይስት ቀያሽ ስድስት ሰዓት ሳተ።

ስምንት ሰዓት።

አባዬ ሌሊት በስምንት ሰዓት ይነጋል እያለኝ ነው፣ ብላው ነበር ሚስቱ በስልክ፣ መጀመሪያ ሰማያዊ ይሆናል አለኝ፣ ከዚያ ይነጣል፣ አሣዎቹ ይነቃሉ፣ ፀሐይ ዓይኔ ላይ ትወጣለች አለኝ፣ ምን ላድርግ። አንድ ሌሊት እስከ ሰባት ሰዓት አጠገባቸው ተቀምጣለች፣ ጨለማ፣ ወደ ፎቅ ወጥታ ተኛች። ጠዋት ስትወርድ መብራቱ በርቷል፣ ማታ ከሥራ ስትገባ ጠፍቷል፣ ምን ታውቃለች፣ ገንዳው የባሏ ነው። ሐኪሙ ጠየቃቸው፣ ስንት ሰዓት ላይ ይነጋል አባቴ፣ በስምንት፣ የቀኑ ነው የሌሊቱ፣ የሌሊቱ አልኩህ አንተ ደንቆሮ። ሐኪሙም ጻፈ፣ ቀንና ሌሊት ተምታቶባቸዋል። ነገ ሰኞ ከከተማ ውጭ ያለው መጦሪያ ይረከባቸዋል፣ አራት አልጋ ባንድ ክፍል፣ መስኮቱ ግድግዳ ያያል፣ በሩ የሚቆለፈው ከውጭ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። ሦስት ቃል። ከተናገራቸው ሽማግሌው እዚሁ ይቀራሉ፣ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ አይወጡም፣ ሳሎን ነው የሚተኙት፣ በግራ ጎን ብቻ፣ ፊታቸው ወደ ገንዳው፣ ሁለት ሜትር ከሠላሳ፣ አልጋውን ለክቶ ያስቀመጠው እሱ ነው።

ቀያሽ፣ ይላሉ ከአልጋው፣ አርባ ዓመት ሒሳብ ያስተማሩ፣ ስንቱን በጆሮው ያንጠለጠሉ፣ ድንጋዮችህ እንዴት ናቸው። ደህና ናቸው አባባ። ምነው ታዲያ መሸባቸው፣ አየህ አይደል፣ አንተም አየህ።

ድንጋዮችህ። ዘር ያጣ ድንጋይ ያረባል፣ ብለውት ነበር፣ እንግዳ በሞላበት ማዕድ፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ እንግዶቹ ሳቁ፣ ሚስቱም ሳቀች፣ አፏን በእጇ ሸፍና፣ ቀለበቱ ባለበት እጅ።

ዛሬ ሌሊት ልጄ እስከ ዘጠኝ ትቀመጣለች፣ ይላሉ፣ ቃል ገብታልኛለች፣ ካልነጋ ነገ በፈቃዴ መኪና ውስጥ እገባለሁ፣ ከነጋ ግን ትቀራለህ አባዬ ብላኛለች፣ አንተም ይቅርታ ትጠይቀኛለህ ቀያሽ፣ ተንበርክከህ።

ተንበርክከህ። ያችን ቃል ባይጨምሩ ኖሮ። አይ፣ ባይጨምሩም።

ማብሪያ፣ 8:00። ማጥፊያ፣ 18:00። አስቀምጥ።

መብራቱ አንዴ ብልጭ ይልና ነጭ ይሆናል፣ ሙሉ የቀትር ነጭ፣ ሽማግሌው በክርናቸው ይነሣሉ። ነጋ! ይኸው ነጋ! ልጄ ነይ፣ ነይ እዪ! ሚስቱ ከጓዳ ትወጣለች፣ ያልታጠፈ ፎጣ ይዛ፣ ገንዳውን ታያለች፣ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች። አባዬ፣ እኩለ ቀን ሊሆን ነው እኮ። አሁን መሽቶ ነበር፣ አሁን፣ ባልሽን ጠይቂው፣ ቆሞ ሲያይ ነበር። ወደ እሱ ትዞራለች። መሽቶ ነበር እንዴ? ዓይኗ እባክህ አዎ በለኝ ይላል፣ ወይም እንደዚያ መሰለው፣ የሚታወቀው ዓይኗ ቀይ መሆኑ ብቻ ነው።

ምንም አላየሁም፣ ይላል። አባባ፣ ትንሽ ይረፉ።

ፎጣውን ታጥፋለች፣ አንዴ፣ እንደገና። እንግዲህ ሌሊቱንም መጠበቅ አያስፈልግም፣ ትላለች፣ ሻንጣውን ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርድልኝ።

ሽማግሌው አይሳደቡም። ጭንቅላታቸውን ትራሱ ላይ ይመልሳሉ፣ ጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ የሆነ ነገር ያሰላል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ስንት ሰዓት ነው ልጄ። ስድስት ሊሆን ነው። የቀኑ? የቀኑ አባዬ። እሺ፣ ይላሉ፣ እሺ ካልሽ፣ እንዲህ ባለ ድምፅ ሲናገሩ ሰምቷቸው አያውቅም።

ደረጃውን ይወጣል፣ ሻንጣው ቀላል ነው፣ አቧራውን በእጅጌው ይጠርጋል። ኮራሎቹ ከሌሊት ጀምሮ ብርሃን ላይ ናቸው፣ ምሽት ድረስ ሲቆዩ አሥራ ስድስት ሰዓት ይሞላቸዋል፣ ይነጣሉ፣ ደረጃው መሐል ቆሞ ስልኩን እንደገና ያወጣል፣ ብርሃኑን ለዛሬ ወደ ሠላሳ በመቶ ያወርደዋል፣ ነገ ሠላሳ አምስት፣ ከነገ ወዲያ አርባ፣ ቀስ እያለ፣ እንዲለምዱት፣ ኮራል ድንገተኛ ለውጥ አይችልም።