ይለፍ ለአሰለፈች

1

«ሊቀመንበሩ ስብሰባ ናቸው።»

2

ትናንትም ስብሰባ ነበሩ። ከትናንት ወዲያም። አሰለፈች የቀበሌውን ግድግዳ ተደግፋ እንደ ቆመች፣ ይህ ሰውዬ ሚስቱን ምጥ ቢይዛት አዋላጇን ራሷን ስብሰባ ጠርቶ ነው የሚያስቀምጣት ብላ ጮክ ብላ ተናገረች። ሰልፈኛው ሳቀ። ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጠው፤ ጊዜው ማን እንደ ሳቀ የሚታይበት ጊዜ ነበር።

3

ቁጥር ለምን እንዳበዛሁ ልንገራችሁ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ቁጥር ግን አውቃለሁ፤ ገበያ ውላ የምትገባ ሴት በቁጥር አትታለልም። ስለዚህ ታሪኩን በማውቀው ቆራረጥኩት። እኔ እናገራለሁ፣ ሌላ እጅ ይጽፋል። እጁን ስለማላምነው እየመለሰ ያነብልኛል።

በመካከል ባዶ ቦታ ካያችሁ ነገር ጠፍቶኝ አይደለም። አሰለፈች ተሰልፋ ነው።

4

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙሉእመቤት፣ የአሰለፈች አንድ ልጇ፣ ድሬዳዋ አግብታ ነው የምትኖረው። ባሏ ወታደር ነው፤ ከግንባር አልተመለሰም። እሷ ሆዷ ገፍቷል። የመጀመሪያዋ ነው። አጠገቧ ዘመድ የሚባል የለም። በአንድ የባቡር ሠራተኛ በኩል የላከችው ቃል ይህች ብቻ ናት፦ «እማዬ ሳትደርስ አልወልድም።»

ሞኝ ልጅ። በቀጠሮ የሚወለድ መሰላት። ግን እንዲህ የተባለች እናት እንዴት ቤቷ ትቀመጣለች? አሰለፈች የገንፎ ዱቄቷን አስፈጨች፣ ቅቤዋን አነጠረች፣ ለገሃር ወርዳ ትኬት ጠየቀች። «ይለፍዎስ?» አሏት። ጦርነቱ በረድ ብሏል ቢባልም ወደ ምሥራቅ ገና ዝግ ነበር። ያለ ይለፍ ወረቀት ማንም ባቡር አይሳፈርም።

5

የሚያስፈልገው፦

ከቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ።

ለደብዳቤው ዋስ።

ለዋሱ መታወቂያ።

ጉርድ ፎቶግራፍ፣ ጆሮ የሚያሳይ። (ጆሮዬ ደግሞ ምን አደረጋቸው ብላለች።)

ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት ማኅተም።

ማኅተሙን የሚይዘው ሰውዬ።

የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል።

6

እንዴት ይሰለፋል።

ማልደሽ ሂጂ። ድንጋይ አስቀምጠሽ ተራዬ ነው አትበዪ፤ ድንጋይሽን ሌላዋ ትቀመጥበታለች። ከፊትሽ ያለችውን ሴት ፊቷን ብትረሺ እንኳ ቀሚሷን እወቂ። መስኮቱ ሲከፈት አትጋፊ፣ አየር ሊያስገቡ ነው። የሚያዛጋ ጸሐፊ ፊት አትሳቂ፤ የሚስቅ ጸሐፊ ፊት ደግሞ አታልቅሺ። «ነገ ይምጡ» ሲልሽ የትኛው ነገ ብለሽ ጠይቂ።

አሰለፈች ጠይቃ ነበር።

መስኮቱ ተዘጋባት።

7

ስብሰባ።

 

8

ስብሰባ።

 

 

9

ደብዳቤው ወጣ። እንዴት እንደ ወጣ አትጠይቁኝ፤ አሰለፈች ሊቀመንበሩን ከስብሰባው በር ላይ ጠብቃ ጋቢውን ይዛ አልለቅም አለች፣ በቃ። አሁን የቀረው ከፍተኛው ነው። እዚያ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ተቀበላት። የተባባሉት ቃል በቃል ይኸው።

ጠያቂ፦ የጉዞው ምክንያት?

አሰለፈች፦ ልጄ ልትወልድ ነው።

ጠያቂ፦ ወሊድ የሚል የለም። ሕመም፣ ሞት፣ የመንግሥት ሥራ ነው ያለው።

አሰለፈች፦ መውለድ የመንግሥት ሥራ ካልሆነ ወታደሩን ከየት ልታመጡት ነው?

ጠያቂ፦ ሕመም ልበለው?

አሰለፈች፦ ልጄ ደህና ናት። አፍህን በልጄ ላይ አትክፈት።

ጠያቂ፦ መቼ ነው የምትወልደው?

አሰለፈች፦ እሱ ሲፈቅድ።

ጠያቂ፦ ማነው እሱ?

አሰለፈች፦ (ወደ ጣሪያው አሳየችው።)

ጠያቂ፦ እናቴ፣ እኔ የምፈልገው ቀን ነው።

አሰለፈች፦ እንግዲያው እሱንም ጠርታችሁ አሰልፉት።

ሰውየው መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያ «ሕመም» ብሎ ጻፈ። እሷ ምን እንደ ጻፈ አላወቀችም። ባታውቅ ይሻላል፤ ብታውቅ መነጽሩ አይተርፍም ነበር።

10

ለምን አላነበበችም ትሉ ይሆናል።

ያ ሁሉ ሰው መሠረተ ትምህርት ሲገባ አሰለፈች አልገባችም። አስተማሪ ተብላ ቤቷ ድረስ የመጣችው ልጅ አንሶላ ላይ ስትሸና የምታውቃት የጎረቤት ልጅ ናት። እሷ ፊት ተቀምጬ ሀ ሁ አልልም አለች። ባሏን የቀበረች፣ ልጅ አሳድጋ የዳረች፣ ቤት በስሟ ያቆመች ሴት ናት። «ፊደል ቀርቶብኝ ምን ጎደለብኝ?» ብላ አስተማሪዋን ሸኘቻት።

11

ታይፒስቷ ስም ጠየቀቻት።

«አሰለፈች ወልደሰማያት።» ረግጣ ነው የተናገረችው።

የጽሕፈት መኪናው ጠቅ ጠቅ አለ። ማኅተም ተመታበት፣ ፎቶግራፉ ተለጠፈ። አሰለፈች ወረቀቱን ገልብጣ፣ አገላብጣ አየች። ማኅተሙ ክብ ነው፣ አልተንሻፈፈም። ፎቶግራፉ ራሷ ናት፣ ከነጆሮዋ። ፊደሉን ግን የሰው ግቢ በአጥር እንደሚታይ በሩቁ አይታ አለፈችው። በመሐረብ ጠቅልላ ጉያዋ ከተተችው፤ ለገሃር እስክትደርስ ድረስም እጇን ከደረቷ አላነሣችም።

ትኬት ቆራጩ ማኅተሙን አየ። ትኬቷን ቆረጠ።

12

ፉርጎው ውስጥ አጠገቧ የተቀመጠችው መሬማ የምትባል የጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ድሬ ተወልዳ ድሬ ያደገች። አንቱታ የሚባል ነገር አልፈጠረባትም። ትኬት ቆራጩንም፣ ከማዶ የተቀመጡትን ቄስም አንተ፣ አሰለፈችንም አንቺ ነው የምትለው። አሰለፈች መጀመሪያ አኩርፋ ነበር። ግን ሰው ጎን ለጎን ተጣብቆ ተቀምጦ እስከ መቼ ያኮርፋል?

መሬማ ዱቄቱን በእግሯ ነካ አድርጋ ለማን እንደ ሆነ ጠየቀች። ለአራስ ነው አለቻት። ወለደች ወይ ስትላት፣ አልወለደችም፣ እኔን እየጠበቀች ነው አለች አሰለፈች። ከአፏ ሲወጣ ለራሷም የሞኝ ወሬ መሰላት። መሬማ ግን አልሳቀችም። «የመጀመሪያ ከሆነ ያቆያል» ብቻ አለች፣ ከመቀመጫዋም ፈቀቅ ብላ ለዱቄቱ ቦታ ሰጠችው።

13

አዋሽ ላይ ባቡሩ ቆመ፤ ወታደሮች ወጡ። የሁሉንም ይለፍና መታወቂያ ሰበሰቡ፤ ስም እየጠሩ ሊመልሱ ነው። በእነ አሰለፈች ፉርጎ ስም የሚጠራው አሥር አለቃ ጉደታ የሚባል ረጅም ልጅ ነበር።

«አሰለፈ ወልደሰማያት» አለ።

ማንም አልመለሰም። አሰለፈች፣ ይህ ደግሞ የአባቴን ስም ይዞ የሚዞር ሰውዬ ማን ይሆን ብላ ዞር ዞር እያለች ፈለገችው።

«አሰለፈ ወልደሰማያት።»

«ወርዷል መሰለኝ ልጄ» አለችው፣ ልትረዳው ብላ።

አሥር አለቃው ፎቶግራፉን አየ። እሷን አየ።

14

ይለፉ የወንድ ነው አላት። መታወቂያዎ አሰለፈች ይላል፣ ይህ አሰለፈ ይላል፣ ሁለቱ አንድ ሰው አይደሉም። አሰለፈች ጆሮዬ ሳይቀር የወጣበትን ፎቶግራፍ አታይም ወይ ብትለው፣ ፎቶግራፉ የርስዎ ነው፣ ስሙ ግን አይደለም አለ። እዚህ ይወርዳሉ፣ በተመላሹ ባቡር አዲስ አበባ ይገባሉ፣ የጻፈው ቢሮ ያስተካክልልዎታል።

«ሴት ነኝ የሚል ደብዳቤ ላምጣልህ?»

«አዎ» አለ። የምሩን ነው።

«ምኑ ነው የጎደለው?»

«አንድ ፊደል ናት እማማ።»

15

ች

 

16

ምን ጎደለብኝ ስትል የኖረችው ሴት የጎደለባት ይኸው ተነገራት።

የዚያች ታይፒስት መኪና «ች» ላይ ትነክስና ፊደሏን አትመታም ነበር። ታይፒስቷ ቦታውን ክፍት ትታ በኋላ በእስክሪብቶ ነው የምትሞላው። የአሰለፈችን ሳትሞላ ምን ጠራት መሰላችሁ?

ስብሰባ።

በዚያ ሰሞን ከዚያ ቢሮ የወጣችው ከበደች ከበደ ሆና፣ ዘነበች ዘነበ ሆና ነው የወጣችው። እነሱ ግን ድሬዳዋ የምትጠብቃቸው ልጅ አልነበረቻቸውም። ደግሞስ ወረቀቱ ራሱ ምን ይባላል? ይለፍ። ትለፍ ያላት ማን አለ?

17

ሰው ሁሉ ወረቀቱን እየተቀበለ ጨረሰ። አሰለፈች አልተነሣችም። ጉደታ ዕቃዋን ሊያወርድላት ጎንበስ ሲል የዱቄቱን ከረጢት እጇን ጭና ያዘችበት።

«ልጄ የመጀመሪያዋ ነው» አለችው፣ ቀስ ብላ። «እኔ ሳልደርስ አልወልድም ብላለች። ባሏም እንዳንተው ወታደር ነው፤ የት እንዳለ አናውቅም። አንተን የወለደችህ ሴት፣ ያን ቀን ወገቧን ማን ያዘላት?»

ጉደታ ቀና ብሎ ኮፍያውን አስተካከለ። ከዚያ ፉርጎው ሁሉ እንዲሰማው አድርጎ፣ የሚቀጥለውን ፉርጎ ጨርሼ እመለሳለሁ፣ ስመለስ ወረቀቱ ያልተሟላ ሰው ይወርዳል አለ።

ይለፉን ጭኗ ላይ አስቀመጠላት። እስክሪብቶውን ደግሞ አግዳሚው ላይ ረሳው።

አሥር አለቃ እስክሪብቶ አይረሳም።

18

ማን ይጻፈው?

መሬማ የምታውቀው የቁርአን ፊደል ነው፤ እሱ እዚህ አይሆንም። ቄሱ ሻንጣቸው ውስጥ የሆነ ነገር መፈለግ ጀመሩ። ፊት ለፊት የተቀመጠው ኮት የለበሰ ሰውዬ፣ እስካሁን ጋዜጣ ሲያነብ የነበረው፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። መሬማ አንተ ትችላለህ ብትለው፣ የመንግሥት ወረቀት ላይ መጻፍ ምን እንደሚያስከትል ታውቂያለሽ፣ የሰው እጅ ጽሑፍ ይታወቃል፣ እኔም ልጆች አሉኝ አለ። ውሸት አልነበረም። አሰለፈች ልትሰድበው አፏን ከፍታ ተወችው።

ከሩቅ በር ሲዘጋ ተሰማ። ጉደታ የሚቀጥለውን ፉርጎ ጀምሯል።

አሰለፈች እስክሪብቶውን አነሣች። ወደ ሰውየው ጎንበስ አለች። በሕይወቷ ለማንም ያላለችውን ቃል አለችው።

«አስተምረኝ።»

19

ሰውየው አላያትም። የመስኮቱ መስተዋት ላይ እፍ አለ። ትንፋሹ ባደበዘዘው ላይ በጣቱ ጻፈ፦ አንገቷ የተሰበረ መስቀል፣ ላይዋ ላይ ቆብ።

ወዲያው በኮቱ እጅጌ ጠረገው።

20

አሰለፈች እስክሪብቶውን እንደ ማማሰያ በጭብጧ ይዛ ወረቀቱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋች። መሬማ ቦታውን በጣቷ አሳየቻት፤ ባዶውን ለማየት ማንበብ አያስፈልግም። መስቀሉን ሠራች። ቆቡን ጫነች። አንገቱ በየት በኩል ነበር የተሰበረው? በግራ? በቀኝ? ቀና ስትል መስተዋቱ ጥርት ብሏል፤ የሚታየው አሸዋ ብቻ ነው። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኗል።

ሰበረችው።

«መሰለች?» አለች።

«እኔ ምን አውቄ፣ ቆንጆ ናት» አለች መሬማ።

21

ጉደታ መጣ። እስክሪብቶውን አንሥቶ ኪሱ ሰካ። ወረቀቱን ተቀበለና ወደ ብርሃኑ አዞረው። ቀለሙ ገና አልደረቀም። ረጅም ጊዜ አየው፤ ሎኮሞቲቩ ከፊት ጮኸ፣ ፉርጎው ንቅንቅ አለ፣ እሱ ማየቱን አልተወም።

ፊደል የቆጠራችሁ እናንተ ናችሁ። ከእንግዲህ እኔ አላውቅበትም። ከሱ ጋር ጮክ ብላችሁ አንብቡላት።

22

«አሰለፈ