ግድግዳው ላይ የተቸነከረው የሸሚዜ ጫፍ

ዓይኗ ደክሟል አሉ። ማን መርምሮኝ እንደሆነ አላውቅም። ልጄ ራውኖም ሆነ የባሌ ወንድም ኦኒ አንድ ቀን እንኳ «ምን ሆነሽ ሳትሽው?» ብለው አልጠየቁኝም። አምና ያንን ትልቅ ቀንዳም አጋዘን ተኩሼ ስስተው መቀስ አንስተው የሸሚዜን ጫፍ ከኋላዬ ቆረጡና «ሳይማ» ብለው ስሜን ጽፈውበት የአደን ጎጆው ግድግዳ ላይ ቸነከሩት። እሱስ ይሁን። እዚህ አሜሪካ፣ ላይኛው ሚሺጋን፣ ተኩሶ የሳተ ሰው ሸሚዙ ይቆረጣል፤ የሟቹ ባሌ የቪልሆም ስንቴ ተቆርጧል። ያበሸቀኝ ዘንድሮ የመጣው ነው።

«እማ፣ አንቺ ጎጆ ሆነሽ ሾርባ ሥሪልን፤ ረግረጉ ዳር ያለው የማደኛ መቀመጫሽ ላይ እኔ ልሁን» አለኝ ራውኖ።

ያንን መቀመጫ እኔና ቪልሆ ነን በእጃችን የሠራነው። ራውኖ ያኔ ገና ዳይፐር የሚታሰርለት ሕፃን ነበር።

ለምን እንደሳትኩ ልንገራችሁ። እኔ ግራኝ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ያደንኩት ባለእጀታ ጠመንጃ ይዤ ነው። ከምላጩ ሥር ያለውን እጀታ ወደ ታች ገፋ አድርገህ ስትመልሰው ቀለሁን ይተፋል፣ ሌላ ጥይት ይጎርሳል፤ ግራኝ ሁን ቀኝ ግድ የለውም። አምና ከአደኑ በፊት ራውኖ ሳይጠይቀኝ እሱን ወስዶ በባለመቀርቀሪያ ለወጠልኝ።

«ይኼኛው ከሩቅ ይመታል እማ፤ ሰው ሁሉ የሚይዘው ይኼንን ነው» አለ።

ሰው ሁሉ በቀኝ እጁ ነዋ የሚተኩሰው። መቀርቀሪያው ያለው በቀኝ በኩል ነው። እኔ እሱን ለመሳብ ግራ እጄን ከምላጩ አንስቼ፣ በጠመንጃው ላይ አሻግሬ፣ ከትከሻዬም አውርጄ ነው። የመጀመሪያዋ ጥይቴ ቅርንጫፍ መታች። ሁለተኛዋን እስካጎርስ አጋዘኑ ድንበር ተሻግሮ ዊስኮንሲን ገብቷል። ጠመንጃው ነው ብዬ ይህንን ስነግራቸው ተያዩና «ዓይንሽ ነው» አሉኝ፤ አሮጊት ሰበብ ስትደረድር መስሏቸው።

ዘንድሮ በመስከረም ራውኖን አስከትዬ ጠመንጃ መሸጫው ሄድኩ። ሻጩ ዓይኑን ከራውኖ ሳያነሳ «ለእናትህ ትከሻ የማይመታ ነገር ነው የምትፈልገው?» አለው።

«እናቱ እዚህ ቆማለች» አልኩት። «ባለእጀታ አምጣ።»

«እሱ እኮ የድሮ ነገር ነው እትዬ። ለግራኝ ተብሎ የተሠራ ባለመቀርቀሪያም ላስመጣልዎት እችላለሁ።»

«እኔም የድሮ ነኝ። እጄ የለመደውን ነው የጠየቅኩህ፤ አምጣ።»

ራውኖ ደግሞ ለራሱ ጥይቱን በራሱ ጊዜ የሚያጎርሰውን ጠመንጃ ገዛ። ምላጩን መሳብ ብቻ ነው፣ ሌላ ሥራ የለውም እያለ መንገዱን ሙሉ አደነቆረኝ።

የአደኑ ወቅት ሊከፈት ዋዜማው ላይ ጎጆ ገባን። ውጭ ውርጩ አፍንጫ ይቆርጣል። እኔ ጠመንጃዬን ቪልሆ እንዳስለመደን እሳት የሌለው በረንዳ ላይ ሰቀልኩት። ራውኖ የእሱን ምድጃው አጠገብ አስደገፈ።

«አውጣው» አልኩት። «ቀዝቃዛ ብረት ሙቀት ውስጥ ሲገባ ያልበዋል። ነገ ላቡ በረዶ ይሆንብሃል።»

«እማ፣ ይኼ የዛሬ ጠመንጃ ነው፤ እንደናንተ ዘመን አይደለም።»

ኦኒ ሳቀ። እኔ ወደ ሳውናው፣ የጋለ ድንጋይ ወዳለበት የእንፋሎት ቤታችን ሄድኩ፤ ከድንጋዮቹ ጋር ማውራት ይሻላል።

ሾርባውን ማንም አልሠራውም። ጠዋት ጨለማው ሳይገፈፍ ራውኖን ቀድሜ መቀመጫዬ ላይ ተገኘሁ። ራውኖ መጥቶ ሲያየኝ ተነፈሰና ጎኔ ተቀመጠ። «እሺ፤ ግን የምተኩሰው እኔ ነኝ» አለ። ጠመንጃዬ ጭኔ ላይ ነው።

ብርሃን ሲሆን ቀንዳሙ ከጥዶቹ መሀል ወጣ። ራውኖ አነጣጠረ፣ ምላጩን ሳበ። ቀጭ አለች፤ ሌላ ድምፅ የለም። ማጎረሻውን ቢስበው ቢገፋው ብረቱ በረዶ ይዞት ግማሽ መንገድ ላይ ተጣብቆ ቀረ። የሰደበው ሰው ይመስል ጠመንጃው ላይ ያፈጥበታል።

«ተኩሺ እማ» አለኝ በሹክሹክታ።

የመጀመሪያዋ ጥይቴ የጥድ ቅርፊት አስፈነጠረች። እጀታውን ገፋሁ፣ መለስኩ፣ ደገምኩ። ከትከሻዬ አላወረድኩትም። አጋዘኑ ጥቂት ሮጦ ወደቀ።

ጎጆ ስንመለስ ኦኒ መቀሱን ይዞ ጠበቀኝ። «ሁለት ተኩስ ሰምቻለሁ ሳይማ። አንዷን ስተሻል።»

«አጋዘኑ ደጅ ተሰቅሏል፤ ሄደህ ጠይቀው።»

አጋዘን ይዞ የገባ ሰው ሸሚዙ እንደማይቆረጥ ኦኒም ያውቃል። መቀሱን ይዞ ወደ ራውኖ ዞረ።

ራውኖ «እኔ አልሳትኩም» አለ። «ጥይቱ አልወጣም እኮ። ጠመንጃው ነው።»

ጠመንጃው ነው። አምና እኔ ይህንኑ ቃል ስናገር ዓይንሽ ነው አሉኝ። መቀሱን ከኦኒ እጅ ወሰድኩት።

«ስማ ራውኖ። ጥፋቱ የጠመንጃ ከሆነ የእኔን ጨርቅ አሁኑኑ ከዚያ ግድግዳ አውርድ። የሰው ከሆነ ደግሞ ዞር በልና ሸሚዝህን ከሱሪህ አውጣ። አንዱን ምረጥ። የትኛውንም ብትመርጥ መቀመጫው የኔ ነው። ሾርባውን አንተ ትሠራለህ።»