ከዋናው ጨዋታ በፊት

«ያ ሰውዬ ከገባ እኔ እወጣለሁ» አለ ወንድሟ ጥርሱን ነክሶ።

እህቱ፣ ነርሷ፣ የሻይ ትሪውን እንደያዘች በመስኮት አየች። በሩ ላይ አንድ ግዙፍ ሰው ጫማውን ምንጣፉ ላይ ያሻሻል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ትከሻው ግን ያው ነው። ቡልዶዘር! ኳስ ሜዳ ላይ የወጣለት ስም ነው።

«ጋሼ፣ በአባባ ይዤሃለሁ። ለቅሶ ቤት ነው።»

«ለቅሶ ቤት መሆኑን እሱ አጥቶት ነው? ወይስ እግሬ እንዴት እንደሆነ ሊያይ ነው የመጣው?»

ወንድሟ የማይታጠፈውን እግሩን አግዳሚው ላይ እንደ ጣውላ ዘርግቶ ተቀምጧል። አባታቸው ከተቀበረ ወዲህ እንባ ጠብ አላለውም። ለመጣ ሰው ሁሉ ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ተመልሶ ግድግዳውን ያያል። ሥራ ቦታው፣ ጋራዡ ውስጥ፣ ኳስ የሚያወራ ሠራተኛ እንኳን እሱ ሲመጣ ወሬ ይቀይራል።

ቡልዶዘር ገባ። «እግዜር ያጽናችሁ» ብሎ በሩ አጠገብ ካለችው ወንበር ጫፍ ላይ ቁጢጥ አለ። አክስታቸው ወደ ነርሷ ጆሮ ጠጋ ብለው «ይሄ ደግሞ የማን ወገን ነው?» አሉ።

«የድሮ ኳስ ተጫዋች ነው፣ እትዬ።» የቀረውን ዋጠችው።

አባቷ በያጅ ነበር። ቅዳሜ ሲሆን የብየዳ መነጽሩን ሚስማር ላይ ይሰቅልና ፊቱን በሳሙና ፈትጎ፣ እሷን በእጁ ይዞ ወደ ስታዲየም ይነጉዳል። ሌላው ሰው የሚመጣው ለዋናው ጨዋታ ነው። እነሱ የሚሄዱት ከዚያ በፊት፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም፣ ተጠባባቂ ቡድኖቹ ለሚገጥሙት ነበር። ደረጃው ወና ስለሆነ የማይሰማ ነገር የለም፤ የኳሷ ድምታ፣ የአሠልጣኙ እርግማን፣ የተጫዋቾቹ ቁና ቁና ትንፋሽ። ማሊያቸው ከዋናው ቡድን የተወረሰ ነውና ቀለሙ ለቋል፤ ቀጫጮቹ ላይ እንደ ቀሚስ ይንጠለጠላል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፣ ዳኛውን ቤት በሚመታ ግጥም የሚሰድቡ። አንዳንዴ ዳኛው ራሱ ፊሽካውን ከአፉ አውጥቶ ይስቃል። ኦቾሎኒ ሻጯም ገዢ ስለማይኖራት ቅርጫቷን አስቀምጣ አብራቸው ትጮሃለች።

«ዋናው ቡድን የሚጫወተው ለጭብጨባ ነው» ይላት ነበር አባቷ፣ ኦቾሎኒውን እየፈለፈለ መዳፏ ላይ እየጨመረ። «እነዚህ የሚጫወቱት ለነገ ነው። እዚህ ማንም አይለግምም።»

ያኔ ከተጠባባቂ ቡድኖቹ የአንዱ የግራ ክንፍ ተጫዋች ወንድሟ ነበር። መርፌ ይሉታል፤ ሰው በማያየው ቀዳዳ ሾልኮ ስለሚወጣ። የዋናው ቡድን አሠልጣኝ ሊያየው በመጣበት ቅዳሜ የተጋጣሚው ተከላካይ ከጎን ተንሸራቶ ገባበት። በዚያ ባዶ ስታዲየም ጉልበቱ ሲሰበር ድምፁ ላይኛው ደረጃ ድረስ ተሰማ። ግጥመኛው መምህር እንኳን አፋቸው ተዘጋ። ተከላካዩ ቡልዶዘር ነበር።

«ማን ጠራህ?» አለ ወንድሟ ከአግዳሚው ላይ። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያቸው።

«ለሞት ማን ይጠራል?» ቡልዶዘር ዓይኑን ከመሬት አላነሳም። «አባትህ ባለውለታዬ ናቸው።»

«የኔ አባት?»

«ካንተ በኋላ ኳስ እምቢ አለኝ። ሰው በመጣብኝ ቁጥር ወደ ኋላ እሸሻለሁ። ሊያባርሩኝ ሲሉ፣ አንድ ቅዳሜ ከላይ ‹አትሽሽ ልጄ! ግባበት!› የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀና ስል አባትህ ናቸው። የሚያሾፉብኝ መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መጡ። ከዚያ ወዲያ ቀርተው አያውቁም።»

ወንድሟ ግድግዳውን ተደግፎ ሊነሳ ሲታገል ክርኑ ትሪውን መታው። ብርጭቆ ወደቀ፤ ሻዩ ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ።

«እኔ አልጋ ላይ ተጋድሜ፣ አባቴ አንተን ይደግፍ ነበር?»

«ኧረ በፈጠራችሁ!» አሉ አክስታቸው ደረታቸውን ይዘው። «አፈሩ እንኳን ሳይደርቅ!»

ቡልዶዘር ብድግ አለ። «ብትቆጣ እውነትህን ነው። ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ ነው። እሄዳለሁ።»

ነርሷ የብርጭቆውን ስብርባሪ ልትለቅም እንደተንበረከከች ቀረች። ወንድሟ ከተሰበረ በኋላ አባቷ ወደ ስታዲየም ወስዷት አያውቅም። ቅዳሜ ሥራ ይበዛብኛል ይል ነበር።

«ጋሼ» አለች ከወለሉ ላይ ቀና ብላ። «ቅዳሜ ቅዳሜ አባባን ልቀበለው ስሮጥ፣ መንገዱ ጥግ ካለው ቧንቧ ፊቱን ሲታጠብ ነበር የማገኘው። ዓይኑ ደም ይመስላል። ‹የብየዳው ብርሃን ነው› ይለኛል። መነጽሩ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት እንደተሰቀለ ነበር።»

ወንድሟ ቆሞ አያት።

«ያለቅስ ነበር?»

ከበሩ ላይ ቡልዶዘር መለሰ። «ሲጮሁ ድምፃቸው መሃል ላይ ይቆረጥ ነበር። እኔ ከጩኸቱ ብዛት መስሎኝ።»

«ታዲያ ለምን ሄደ? ማን አስገደደው?»

«ጠይቄያቸው ነበር» አለ ቡልዶዘር። እንደ አካፋ የሰፋ መዳፉ የበሩን መቃን ጨምቆ ይዟል። «‹ልጄ የተሰበረበት ያ ቀን ሁለት ልጅ አይበላም› አሉኝ።»

ወንድሟ ከንፈሩን ሊነክስ ሞከረ፤ አልያዘለትም። ቀስ ብሎ ተመልሶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ እግሩም እንደ ልማዱ የአግዳሚውን ርዝመት ሞልቶ ተዘረጋ። እንባው ሸሚዙ ላይ ሲንጠባጠብ አልጠረገውም። ከዚያ ሰውየውን ሳያይ ጎንበስ አለ፤ የማይታጠፈውን እግሩን በሁለት እጁ አነሳና ወለሉ ላይ አወረደው። አጠገቡ የአንድ ሰው ቦታ ተለቀቀ።