የሳህሌ ሁለት ጣቢያዎች

ሳህሌ አቃቂ ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ትንሽ ሱቅ ነበረው። ቀን ቀን መደርደሪያው ላይ ያለችው ራዲዮ የመንግሥትን ዜና ጮክ ብላ ታሰማለች። አመሻሽ ላይ ሱቁን ይዘጋና ወደ ጓዳ ይዟት ገብቶ፣ ድምፅዋን ቀንሶ የባሕር ማዶውን የአማርኛ ስርጭት ይሰማል። የአገር ቤቱ ዜና አንባቢ ፎካሪ ነው፤ ጠላት ሁልጊዜ ይደመሰሳል፣ የወገን ሬሳ ግን የለም። የውጭው ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ «አማፅያኑ እንዳሉት» ይልና «ከሌላ ወገን አልተረጋገጠም» ብሎ ይጨምራል። ሳህሌን ያሳመነው ይኸው «አልተረጋገጠም» ማለቱ ነበር።

የመንግሥቱን ዜና ሊሰሙ ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት ጎረቤቱ ወይዘሮ ዳሲቱ ናቸው። አንድ ልጃቸው ፈየራ በአፈሳ ተይዞ ከዘመተ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሰሜን ውስጥ ያለበትን ከተማ በደብዳቤ ነግሯቸዋል።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት አንድ ምሽት የባሕር ማዶው ጣቢያ ያ ከተማ መያዙን፣ በሺህ የሚቆጠር ወታደር መሞቱንና መማረኩን ተናገረ። በማግሥቱ የአገር ቤቱ በሰሜን ግንባር አኩሪ ድል መገኘቱን አበሰረ። ዳሲቱ እልል አሉ። በሦስተኛው ቀን በሶና ዳቦ ቆሎ በከረጢት ቋጥረው ሱቁ መጡ።

«ነገ በሙሀመድሰዒድ የጭነት መኪና ደሴ ድረስ እሄዳለሁ። ከዚያ ወዲያ እግዜር ያውቃል። ድል ከሆነ መቼም መንገዱ ሰላም ነው።»

ሳህሌ በሩ ላይ ሰው አለመኖሩን አየ። 

«እትዬ፣ አይሂዱ። ከተማው ተይዟል።»

«ማን አለ?»

«የውጭው ራዲዮ።»

«ልጄስ?»

«የአንድ ሰው ስም እኮ አይጠሩም።»

ዳሲቱ ሳይሰናበቱት ወጡ። የሄዱት በቀጥታ ወደ ቀበሌ ነበር። ሊከሱት አይደለም፤ እውነት መሆኑን ሊጠይቁ ነው። ሊቀመንበሩ ግን መልሶ «ማን ነገረሽ?» አላቸው። በልጃቸው ነገር ልባቸው ጠፍቶ ነበርና ነገሩት።

ወዲያው ሁለት ታጣቂዎች መጡ። ራዲዮዋን ወሰዱ፣ ሱቁን አሸጉ፣ ሳህሌን «የጠላት ወሬ የሚነዛ አድኃሪ» ብለው እስር ቤት ወረወሩት። ውስጥ እግሩን ገረፉት።

አርባ ቀን ያህል ቆይቶ፣ ዘበኛው በከፈተው ራዲዮ ያው ፎካሪ ድምፅ ጦሩ ከተማውን «ለስልት ሲባል» መልቀቁን አነበበ። ሳህሌ፣ እንግዲህ ይፈቱኛል ብሎ ብድግ አለ። መርማሪውን ቢጠይቀው «እኛ ሳንናገር ማን ተናገር አለህ?» አለው።

ስንቅ ያመላለሱለት ዳሲቱ ነበሩ። ከስምንት ወር በኋላ ሲፈታም በሩ ላይ ቆመው አገኛቸው። እግሩን ለመሳም ጎንበስ ሲሉ ክንዳቸውን ይዞ አቀናቸው።

«ስለ ፈየራ ሰሙ?» አላቸው።

«ሞቷል የሚለኝ የለም፤ ተማርኳል የሚለኝም የለም።»

ከዚያ በኋላም የነገራቸው አልነበረም። መርዶ ካልመጣ ደግሞ ልቅሶ አይቀመጡም፤ ዳሲቱም ለልጃቸው ሳያለቅሱ ኖሩ።